የዘሐራ ግማሽ ነጥብ

ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ሰመራ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወጣቶች አዳራሽ፣ በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ቼዝ ሲጫወቱ የቆዩ ሁለት ሰዎች ተጨባበጡ። ነጩን የያዙት ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ ጥቁሩን የያዘችው ዘሐራ። ሁለቱም በውጤት ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ወረቀቱ ነጭ አሸነፈ ይላል። የውድድሩ ዋና ዳኛ እኔ ነበርሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ በአዳራሹ ሌላ ጫፍ የቆመ የጨዋታ ሰዓት ባትሪ እቀይር ነበር።

ባለፈው ዓመት ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላኝ በፈቃዴ ጡረታ ወጣሁ። በሽኝቱ ዕለት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ፣ በሥራ ዘመኔ ከዳኘኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ የማልረሳው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የዋንጫ ጨዋታ እንድነግራት ጠብቃ ነበር። እኔም በሰው ፊት ብዙ መናገር ስለማይሆንልኝ፣ «ብዙ ናቸው» ብዬ አለፍኋት። የማልረሳው ግን ይህንኑ ነው። ሊቆጩኝ ከሚገቡ ነገሮችም የመጀመሪያው ስለሆነ፣ እንደሚገባው በጽሑፍ ልመልስላት።

በስታቲስቲክስ ተመርቄ በመጀመሪያ የተመደብሁት አዋሽ ከተማ፣ በስፖርት ባለሙያነት ነበር። ባቡሩ ገና ይሠራ ስለነበር ከተማው በፉጨቱ ይነቃ፣ በፉጨቱ ይተኛ ነበር። ጽሕፈት ቤታችን አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የተነፈሰ ኳስ ነበረው። የመጀመሪያው አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የቼዝ ውድድር ዕቅድ ባቀረብሁላቸው ቁጥር መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሰናይት፣ ላብ የማያወጣ ስፖርት ለዚህ አገር ምኑ ነው? ቁጭ ብለንም ያልበናል» ይሉኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሰመራ ስዛወር ያገኘኋቸው የአፋር ተወላጅ አለቃዬ አቶ ሑሴን በተቃራኒው፣ «ውሃ እንኳ የማይጠይቅ ስፖርት ለእኛ የተፈጠረ ነው» ብለው አሥራ ሁለት የጨዋታ ሰዓቶች አስገዙልኝ። አበላችን ሁልጊዜ ከውድድሩ በኋላ ይደርስ ነበር፤ ስለ እርሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አለቆቼ አልነበሩም። መልካ ወረር በጥጥ ምርምር ላይ የተሰማሩ የነፍሳት ባለሙያ ነበሩ፤ ጋሽ መኮንን። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር የጥጥ ትል እንቁላል ሲቆጥሩ ይውሉና፣ ቅዳሜና እሑድ በሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ውስጥ ቼዝ ይዳኛሉ። በአካባቢው ካሉት ሁሉ የተሻሉ ተጫዋች እርሳቸው ነበሩ። ነገር ግን ሌላ ዳኛ ስላልነበረ ለሃያ ዓመታት ያህል መጫወቱን ትተው ሌሎችን አጫወቱ። እኔን ሲያገኙኝ በጣም ደስ አላቸው፤ ደስታቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ተተኪ አግኝተው ነበር።

ልማዶቻቸውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። በውድድር ቀን የእጅ ሰዓታቸውን ፊት ወደ ውስጥ አዙረው ያስሩታል፤ ዳኛ ሰዓቱን ሲያይ ተጫዋች ይቸኩላል ይሉ ነበር። ከተጫዋች ጀርባ አይቆሙም። ጠጠሮቹን ዓርብ ዓርብ በሳሙና ያጥባሉ፤ ሲያደርቁም ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥራሉ፤ ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ ከጎደለ ገና ሳያዩ ያውቁታል። የጠፋ ወታደር በጠርሙስ ክዳን ሲተካ ካዩ ጨዋታውን ያስቆማሉ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ነበራቸው፦ ጨዋታ ሲያልቅ ማንም ጠጠር ከማንሳቱ በፊት ጠረጴዛው ዘንድ ደርሰው፣ እያንዳንዱ ጠጠር የት እንደቆመ በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ይህንንም «ቦርድ ማንበብ» ይሉታል።

«ሁለቱም ከተስማሙ ምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ በመጀመሪያው ወር።

«ተጫዋች ይዋሻል አልልሽም» አሉኝ። «ይደክመዋል እንጂ። የደከመ ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ይስማማል።»

የቀረውን ሙያ በረሃው ራሱ አስተማረን። በሙቀቱ የፕላስቲክ ቦርዶች ጠርዛቸው እየተጠቀለለ ስለሚነሣ፣ ማታ ማታ ፍራሽ ሥር እናስተኛቸዋለን። ቬንትሌተር ሲከፈት ወረቀት ይበራል፤ ቬንትሌተር ሲዘጋ ተጫዋች ይዝላል። ስለዚህ ከአዋሽ ወንዝ ዳር የተለቀሙ ለስላሳ ድንጋዮች በየጠረጴዛው እናስቀምጥ ነበር። በግንቦት ጨዋታ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመርና አምስት ሰዓት ላይ ይቋረጣል። ማን ከማን ይጫወታል የሚለውን ድልድል ኮምፒውተር ሳይኖረን በካርድ እሠራው ነበር፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የተጫዋቹ ስም፣ ነጥቡ፣ ነጭና ጥቁር የያዘባቸው ዙሮች ይጻፋሉ። አንድ ጊዜ አዳይቱ ላይ አውቶቡሳችን ተበላሽቶ፣ የአራተኛውን ዙር ድልድል በመኪናው ጥላ ሥር ካርዶቹን አሸዋ ላይ ደርድሬ አውጥቻለሁ። ጋሽ መኮንን አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ስህተቴን ይፈልጉ ነበር። አንድ አገኙ።

ጡረታ ሲወጡ ወደ መጫወት ተመለሱ። «አሁን አንቺ ዳኚ፤ እኔ ልሳሳት» አሉኝ። በ2011ዱ ውድድር ስድስት ዙር ተጫውተው አራት ነጥብ ተኩል ይዘው ነበር። የውድድሩ ደንብ ግልጽ ነው፤ በሰባት ዙር አራት ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሁሉ ክልሉን ወክሎ አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ይሄዳል። ስለዚህ ለእርሳቸው የመጨረሻው ዙር ምንም አያመጣም፣ ምንም አይወስድም።

ለዘሐራ ግን ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነበር።

ዘሐራ የወሎ ሰው ናት። ባሏ እንድሪስ በጅቡቲ መሥመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አዋሽ ላይ ሻይ ቤት ከፍቶላት፣ ቼዝም ያስተማራት እርሱ ነው። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለምዝገባ ስትመጣ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ በበሩ ቆመች።

«ደረጃሽ ስንት ነው?» አልኋት።

«ሾፌሮቹን አሸንፋለሁ፣ እትዬ። እሱ ደረጃ ከሆነ።»

«ጀማሪ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊው። አራት ነጥብ ያገኘ አዲስ አበባ ይሄዳል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እዚያም ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት?»

ጥያቄው አልገባኝም፤ «አዎን፣ ተቀምጠው ነው» አልኋት።

«እንግዲያው እሞክራለሁ ኢንሻአላህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሻይ ሳልቀዳ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ የለም። ከእንድሪስ ጋር እንኳ ስንጫወት ግማሹን ቆሜ ነበር። እዚያ ሄጄ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሌላ ሰው ሻይ ሲቀዳ ማየት ነው የምፈልገው።»

ይህን ስትል አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም።

ስድስት ዙር ተጫውታ ሦስት ነጥብ ተኩል አገኘች። አጨዋወቷ ያልተማረ፣ ግን ትዕግሥተኛ ነበር፤ ብዙ ተጫዋቾች እርሷን ንቀው ቸኮሉ፣ ተሸነፉም። ለመጨረሻው ዙር ነጥባቸው ከእርሷ የሚቀራረብ ተጫዋቾች ሁሉ ቀደም ብለው ከእርሷ ጋር ስለተጋጠሙ፣ ድልድሉ ጋሽ መኮንንን አመጣባት። ግማሽ ነጥብ ይበቃት ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ግን ያንን ግማሽ ነጥብ ታገኛለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

እንደተጠበቀውም ሆነ። በአርባኛው እርምጃ አካባቢ በአጠገባቸው ሳልፍ፣ የጋሽ መኮንን አንድ ወታደር መጨረሻ ደርሶ ንግሥት ሆኗል። ዘሐራ የቀራት ንጉሧና አንዲት ወታደር ብቻ ነበሩ፤ ወታደሯም በነጩ ወታደር ታግዳ መንቀሳቀስ አትችልም። «አለቀ» አልሁ በልቤ። በዚህ ጊዜ የዘጠነኛው ጠረጴዛ ሰዓት ቆመና ጠሩኝ። ስመለስ ጋሽ መኮንንና ዘሐራ ተጨባብጠው፣ ጠጠሮቹን ለሌላ ጨዋታ ደርድረዋቸው ነበር። ዘሐራ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ቦርዱን አላነበብሁም። የት ቆሞ ነበር ብዬም አልጠየቅሁም። ጋሼ ናቸው ብዬ ነው። ተማሪ መምህሩን «እስኪ በትክክል አሸንፈዋል?» ብሎ እንዴት ይጠይቃል? በማንኛውም ሌላ ሰው ላይ የማላደርገውን በእርሳቸው ላይ በክብር ስም አደረግሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ የተጫዋቾቹን መመዝገቢያ ወረቀቶች ማመሳከር ጀመርሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱንና የባላጋራውን እርምጃ በሙሉ መጻፍ ስላለበት፣ የአንድ ጨዋታ ሁለት ወረቀቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መግጠም አለባቸው። የሦስተኛው ጠረጴዛ ወረቀቶች ከመጨረሻዋ እርምጃ በቀር ገጠሙ። ጋሽ መኮንን ንግሥታቸውን በሰባተኛው ረድፍ፣ ከጥቁሩ ንጉሥ ጋር በሰያፍ አገናኝተው አስቀምጠዋታል። ዘሐራ ግን በዚያው መሥመር ላይ አንድ ቤት ዝቅ አድርጋ፣ በስድስተኛው ረድፍ ጽፋታለች።

ቦርድ አውጥቼ ሁለቱንም ደረደርሁ። በጋሽ መኮንን ወረቀት መሠረት ጥግ ላይ ያለው ንጉሥ ተጠቅቷል፣ መሸሻም የለውም፤ ንግሥቲቱንም የነጩ ንጉሥ ይጠብቃታል፤ ማት ነው። በዘሐራ ወረቀት መሠረት ግን ንጉሡን የሚያጠቃው ነገር የለም። ሆኖም የሚረግጠው ቤት ሁሉ በንግሥቲቱ ዓይን ሥር ነው፤ ወታደሯም ታግዳለች። ሳይጠቃ መሄጃ ያጣ ተጫዋች አልተሸነፈም። ጨዋታው በዚያችው ቅጽበት በአቻነት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምን ቢያምን፣ ምን ቢፈርም አይለውጠውም። ጥያቄው ንግሥቲቱ የት ነበረች የሚለው ብቻ ነው። ይህንንም ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ዘሐራን ስፈልጋት፣ ተሸንፌያለሁ ብላ የመዝጊያውን ሥነ ሥርዓት ሳትጠብቅ መሄዷን ነገሩኝ። ከሰመራ አጠገብ፣ ሎግያ ላይ የምታውቀው ሾፌር አለ፤ ከመግሪብ በኋላ ወደ አዋሽ ይነሣል። ባጃጅ ይዤ ሎግያ ወረድሁ። ከመኪኖቹ መካከል፣ አንድ ሾፌር በሣጥን ክዳን ላይ በቀለም የተሣለ ቦርድ ዘርግቶ ከእርሷ ጋር ሲጫወት አገኘኋቸው። ስሙ ከማል ነው።

«ሰመራ ድረስ ሄደሽ ከመሸነፍ» ይላታል፣ «እዚሁ እኛ በነጻ እናሸንፍሽ አልነበር?»

«አንተ ዝም በል፤ ፈረስህ ሊበላ ነው» አለችው። ከዚያ አየችኝ፤ ብድግ አለች። «እትዬ! ምነው? ሳልፈርም ቀረሁ እንዴ?»

ለምን እንደመጣሁ አልነገርኋትም፤ ብነግራት ምስክርነቷ ንጹሕ አይሆንም። «የመጨረሻውን እርምጃ ላረጋግጥ ነው። ጠጠሮቹ የት ነበሩ? ደርድሪልኝ» አልኋት።

ሳታመነታ ደረደረችው። ንጉሧን ጥግ አስገባች፤ የነጩን ንጉሥ፣ ሁለቱን የተፋጠጡ ወታደሮች፤ በመጨረሻ ንግሥቲቱን በስድስተኛው ረድፍ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እዚህ ነበረች። ጋሼ እጃቸውን አነሡና ማት አሉ።» ፊቴን አየችና ደነገጠች። «የሳቸው ወረቀት ሌላ ይላል? እንግዲያው የኔ ነው ስህተቱ፤ የኔን አርሚው። የጋሼ ይሻላል።»

«ማት ሲሉሽ ለምን ተቀበልሽ?»

«መሄጃ አልነበረኝማ። መንገድ የተዘጋበት ተሸነፈ።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እንድሪስ። ሾፌሮቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጫወቱ።»

ከማል ጣልቃ ገባ፦ «ትክክል ነው እንጂ! መኪናሽ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ወደፊትም ወደኋላም ካልሄደ፣ ለባለ ንብረቱ ደውለሽ አቻ ወጥተናል ትዪዋለሽ?»

ያን ጊዜ ሕጉን ነገርኋቸው። ንጉሥ ተጠቅቶ መሄጃ ካጣ ማት ነው፤ ሳይጠቃ መሄጃ ካጣ አቻ ነው። ንግሥቲቱ እዚህ ከነበረች አልተሸነፍሽም፤ ግማሽ ነጥብ አለሽ፤ አራት ሞልተሻል። ገና አልወሰንሁም፤ ጋሽ መኮንንን መጠየቅ አለብኝ አልኋት።

ከማል ከት ብሎ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የዘሐራን ፊት ሲያይ ተወው። እርሷ የምታየው ቦርዱን አልነበረም።

«እንድሪስ፣ አላህ ይርሀመው፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የሚያሸንፈኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉን ይበላብኝና ጥግ ያስገባኛል። መንገድሽ ተዘጋ፣ ተሸነፍሽ ይለኛል። እንቢ ብዬ ቦርዱን የገለበጥኩበት ቀን አለ። እንግዲያው ስንት ጊዜ አልተሸነፍኩም ነበር ማለት ነው፣ እትዬ?»

ካርድ አውጥቼ የደረደረችውን መጻፍ ጀመርሁ።

«እሱም አላወቀም» አለች። «አውቆ አያታልለኝም ነበር። ቢያውቅ ኖሮ ግማሹን ይሰጠኝ ነበር።» በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያም ከማልን፣ «ሂድ አንተ፤ እኔ አድራለሁ» አለችው።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ መኮንን ያረፉበት ፔንሲዮን ደረስሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። በመንገድ ላይ ስሄድ፣ በውድድሩ ሳምንት ያየኋቸውና ያላሰብሁባቸው ነገሮች መጡብኝ። የድልድሉን ዝርዝር ከግድግዳው ላይ እንዳነብላቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ መነጽሬን ረሳሁ ብለው። መነጽሩ ግን ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጨዋታ ሲጀመርም ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ይነካኩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን የድሮ ልማዳቸው አድርጌ ቆጠርሁት።

ቦርዱን ዘረጋሁና ጠጠሮቹን ከመጨረሻዋ እርምጃ በፊት እንደነበሩ አስቀመጥሁ። በዚህ ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ይስማማሉ።

«ጋሼ፣ ትናንት የተጫወቷትን የመጨረሻ እርምጃ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ።»

ፈገግ አሉ። «ዳኛ ካዘዘ ማን እንቢ ይላል?» ንግሥቲቱን ያዙ፤ በመሥመሯ ላይ ወደ ላይ ገፏት። ስድስተኛው ረድፍ ላይ እጃቸውን አነሡ። «ማት» አሉ።

ዝም አልሁ። ዝምታዬን ያውቁታል፤ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። መነጽራቸውን አወለቁና ጣታቸውን ረድፎቹ ላይ አንድ በአንድ እየጫኑ፣ ከንጉሡ ረድፍ ጀምረው ወደ ታች ቆጠሩ።

«በመካከል ባዶ ረድፍ አለ።»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«ትናንትም ነበረ?»

«የዘሐራ ወረቀት ነበረ ይላል። ሳልነግራት ደርድራ አሳየችኝ።»

ረጅም ጊዜ ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ ምን ያህል እንደሚታያቸው ግን አላውቅም። «ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ ከወጣ ከዓመት በላይ ሆነው» አሉ። «ግራውም ጀምሮታል። ያልነገርኩሽ፣ ከነገርኩሽ አታጫውቺኝም ብዬ ነው። ሃያ ዓመት ሰው ሳጫውት ኖሬ፣ አንድ አምስት ዓመት እንኳ ብጫወት ብዬ።»

«አጫውትዎት ነበር።»

«አሁን ነው እንዲህ የምትዪው።» ከዚያም ድምፃቸው ተለወጠ፤ የመልካ ወረሩ ድምፅ ሆነ። «አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ባትሪ እቀይር ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጣሁ፤ ቦርዱን ግን አላነበብሁም። እርስዎ ስለነበሩ።»

«ስለነበርኩ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው አንዳችን በሞራ፣ አንዳችን በይሉኝታ፣ ሁለት ዕውሮች ነበርን። በትክክል ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ያየችው ምን እንደሆነ አላወቀችም።» ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉ፦ «ወረቀቱን አምጪ። ተጫዋቹ ንግሥቱን ያስቀመጠበትን ቤት አላየም ብለሽ ጻፊ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋቱ የዳኛዋ ነው። ቦርዱን ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር።»

«ሰናይት፣ ሽማግሌ አትከራከሪ።»

«ዳኛ አይከራከሩ፣ ጋሼ።»

በመጨረሻ ሳቁ። በሃያ አራት ዓመት ትውውቃችን ያሸነፍኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በከፊል። ሁለታችንም ጥፋታችንን በየራሳችን እጅ ጻፍን፤ እርሳቸው መሥመር እንዳይስቱ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ መራኋቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ በአዳራሹ፣ አቶ ሑሴንና ተጫዋቾቹ ባሉበት፣ ውሳኔውን አነበብሁ። የሦስተኛው ጠረጴዛ ጨዋታ አቻ ሆነ፤ የቀድሞው የውጤት ወረቀት ተሠረዘ። ጋሽ መኮንን በቡድኑ ውስጥ ይቀጥላሉ፤ ሕጉ ማየት ለተቸገረ ተጫዋች እንደሚፈቅደው፣ አዲስ አበባ ላይ እርሳቸውም ባላጋራቸውም እርምጃቸውን ጮክ ብለው እየተናገሩ ይጫወታሉ። «ሬዲዮ ልሆን ነዋ» አሉና አዳራሹን አሳቁት። ከዚያም ተነሥተው፣ በስተግራቸው ያሉትን ወንበሮች እየዳሰሱ እስከ ዘሐራ ድረስ ሄዱ። «ልጄ፣ ያልነበረ ማት ብዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ዘሐራ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ምን እንዳለቻቸው ከቆምሁበት አልሰማሁም።

አቶ ሑሴን የተጓዦቹን ስም አነበቡ። ጉዞው ለማክሰኞ ጠዋት ተወሰነ። ዘሐራ በአዲሱ ወረቀት ላይ ከፈረመች በኋላ ስልኳን አውጥታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ከማል አዋሽ ገብቶ ነበር።

«ማክሰኞ ሻይ ቤቱ ዝግ ነው በላቸው» አለችው። «ረቡዕም፣ ሐሙስም።» ጥቂት አዳመጠች። «ለምን ካሉህ፣ ዘሐራ ተቀምጣለች በላቸው።»